ከሃርድ ሜፕል ጋር እልህ የተጋባሁ ሰሞን

እልኸኛ ነው ይሉኛል። ነኝ። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም። በዓለም ላይ ያለው ደህና ነገር ሁሉ የተሠራው "ተው፣ ይቅርብህ" ሲባል "አልተውም" ባለ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። መጥፎውም ነገር የተሠራው በዚያው ሰው እንደሆነ ባለቤቴ ሰናይት አልፎ አልፎ ታስታውሰኛለች። እሷ እንዲህ ያለ ነገር ማስታወስ ትወዳለች።

ነገሩ የተጀመረው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ፣ ክሪስታል ሲቲ ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ጸጉሯ እስኪሸብት የሰው ሽንኩርት ስትከትፍ ኖራ፣ በመጨረሻ "ከእንግዲህ የራሴን ነው የምከትፈው" ብላ ሥጋ ቤት ልትከፍት ተነሳች። ቁርጥ፣ ክትፎ፣ ጥብስ። ያላትን ሁሉ አፍስሳበታለች። የመክፈቻው ቀን ቅዳሜ ሹር ነው። ቅዳሜ ሹር ማለት ደግሞ ዓቢይ ጾምን የጾመ ሕዝብ፣ ከስፕሪንግፊልድ እስከ ዊተን፣ በቁሙ ሥጋ የሚያልምበት ቀን ነው። ያን ቀን ያልከፈተ ሥጋ ቤት በሳምንቱ ቢከፍት ማን ዘወር ብሎ ያየዋል? ሰው ሁሉ ሥጋ ቤቱን መርጦ ጨርሷል።

ሁሉ ነገር ተሟልቶ አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ የሥጋ መቁረጫው ጠረጴዛ። የብረት እግሩ ቆሟል፣ ላዩ የለም። ሊሠራው የተስማማው ሰው መጀመሪያ "ነገ" አለ፣ ቀጥሎ "ከነገ ወዲያ" አለ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳቱን ተወው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባዶው ሥጋ ቤት ውስጥ ቆመን ያንን ባዶ እግር ከበን ስናይ ዋልን።

"ምን ችግር አለው? ነጩን ፕላስቲክ ገዝተን እናነጥፍበታለና" አለች ሰናይት።

ይህን ማለት አልነበረባትም። ጋሽ ተካ እዚያው አሉ። ጋሽ ተካ እትዬ አልማዝ የቀጠረቻቸው ሥጋ ቆራጭ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ድምፃቸው ግን ጭራሽ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

"ፕላስቲክ? ልጄ፣ ፕላስቲክ ላይ የሚቆረጠው ኬክ ነው! እኔ ፕላስቲክ ላይ ቢላ አላነሳም። ወይ እንጨት ይምጣ፣ ወይ ሌላ ሰው ፈልጉ!"

"እንጨት ደግሞ ይፈቀዳል እንዴ?" አለች እትዬ አልማዝ በስጋት።

ይኼኔ ስልኬን አወጣሁ። ስልክ ያለው ሰው ዝም ብሎ መቆም የማይችልበት ዘመን ላይ ነን። ሳነብ ሳነብ አንድ ስም ላይ ደረስኩ፤ ሃርድ ሜፕል። የምግብ ቤት ደንቡ ሳይቀር በስሙ ጠርቶ ይፈቅደዋል። ሜፕል ማለት ያ በመከር ቅጠሉ እሳት የሚመስለው፣ ፈረንጆቹ ግንዱን በስተው ውሃውን አፍልተው ፓንኬክ ላይ የሚያፈሱት ዛፍ ነው። ለስላሳ የሚባል ዓይነትም አለው፤ ሃርዱ ግን ጉድ ነው። ቀዳዳዎቹ ከመድቀቃቸው የተነሳ ደም በቀላሉ አይመጥም። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወለሉ እሱ ነው። የቦውሊንግ መጫወቻው እሱ ነው። የቫዮሊን ጀርባ፣ የሊጥ መዳመጫ፣ የቤዝቦል ዱላ፣ ሁሉም እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ሲነጥርበትና የቦውሊንግ ድብልብል ሲወረወርበት የሚኖር እንጨት ጋሽ ተካንም ይችላቸዋል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ፣ ማን ከውስጤ ሆኖ እንደተናገረ አላውቅም፣

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

ሰናይት ሳቀች። ትንሽ ሳቅ አይደለም፤ ግድግዳ የሚያስደግፍ ሳቅ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚያስቅ ነገር ነበረው። እኔ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ እጄ ከኮምፒውተር ቁልፍ የጠነከረ ነገር ነክቶ አያውቅም። በእጄ የሠራሁት ትልቁ ነገር ከካርቶን ወጥቶ የሚገጣጠም የጫማ መደርደሪያ ሲሆን፣ እሱም ጫማ እስካልተቀመጠበት ድረስ በጣም ጠንካራ ነው። ቢሆንም ያቺ ሳቅ ባትኖር ኖሮ "ቀልዴን ነው" ብዬ እገላገል ነበር። አሁን ግን አበቃ።

በማግስቱ እንጨት መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ጺማም ፈረንጅ ነው።

"ሃርድ ሜፕል እፈልጋለሁ" አልኩት።

"ኤይት ኳርተር ይሁንልህ?"

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስምንት ባለ ሃያ አምስት ሳንቲም መፈለግ ጀመርኩ። ለካ የጣውላ ውፍረት የሚለካው በኳርተር ነው፤ ስምንት ኳርተር ማለት ሁለት ኢንች ነው። ሰውየው አልሳቀም፣ እኔም የፈለግሁት ሳንቲም ሳይሆን መሐረብ እንደሆነ ለማሳየት አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ጣውላዎቹ ያማሩ ናቸው። ቀለማቸው የወተት ሥልባቦት ይመስላል። ላነሳቸው ስሞክር ግን የሆነ ሰው ሌላኛውን ጫፍ የረገጠብኝ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ሃርድ ሜፕል እንዲሁ ነው የሚከብደው። በስንት መከራ ኮሮላዬ ውስጥ ከሻንጣው እስከ ፊተኛው መስታወት አጋደምኳቸውና፣ ጆሮዬን ጣውላ ላይ አስደግፌ፣ ቀኝ መስታወቴን ሳላይ፣ ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳሁ። ሌይን መቀየር ስለማልችል መውጫዬን ሁለቴ አለፍኩት።

የምንኖረው ታውን ሃውስ ውስጥ ነው፤ ገራዣችን ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ባርባራ ሳሎን ጋር ግድግዳ ይጋራል። ባርባራ የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ሣር በግማሽ ኢንች ካደገ ታያለች። እኔ ከቢሮ ጓደኛዬ በተዋስኩት የኤሌክትሪክ መጋዝ የመጀመሪያውን ጣውላ መቁረጥ ስጀምር መጋዙ ትንሽ ሄደና ማልቀስ ጀመረ። ሃርድ ሜፕል ዶልዳማ መጋዝ አይወድም፤ እየገፋህ ከቆየህበት ደግሞ ከመቆረጥ መቃጠል ይቀለዋል። ገፋሁ። ገራዡ በጭስ ተሞላ፣ የጭስ ደወሉ ጮኸ፣ እኔም የልብስ መስቀያ ይዤ ደወሉን ሳሳድድ በሩ ተንኳኳ።

ባርባራ ናት። ስትቆጣ ነበር የጠበቅኳት፤ እሷ ግን አየሩን አሽትታ፣

"ፓንኬክ እየሠራህ ነው?" አለችኝ።

"ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው።"

ከኋላዬ ያለውን ጥቁር ጭስ አየችው። "እየሠራኸው ነው ወይስ እየጠበስከው?"

"ወይዘሮ ባርባራ፣ በቀን፣ በገዛ ገራዤ ውስጥ፣ ሕግ ባልጣሰ ጠረጴዛ ላይ ነኝ" ብዬ በሩን በትህትና ዘጋሁት። አዲስ ምላጭ ገዝቼ ተመለስኩና ቆረጥኩት። ጥቁር ጠባሳው ግን በአንዱ ጣውላ ጎን ላይ ቀረ። ቀርቶ ይታይ ብዬ ተውኩት።

ሚስማርና ቪቴ ላይ የደረሰብኝን በአጭሩ ላልፈው እፈልጋለሁ። ማያያዣ እንጨት ከሥሩ ልመታበት ብዬ የያዝኩት ሚስማር ግማሽ ድረስ እንኳ ሳይገባ ታጥፎ እጅ ነሳኝ። ጠምዝዤ ላስገባው የሞከርኩት ቪቴ ደግሞ አንገቱ ተቀንጥሶ ራሱ እጄ ላይ ቀረ። ይህ እንጨት አስቀድመህ በድሪል ቀዳዳ ካላበጀህለት ምንም ነገር አያስገባም። ይሄ ባሕርዩ ከሰናይት እናት ጋር አንድ ዓይነት ነው ብዬ ለሰናይት ነገርኳት። ይህን ደግሞ እኔ ማለት አልነበረብኝም።

ትልቁ ችግር የመጣው ጣውላዎቹን ጎን ለጎን በኮላ ሳጣብቅ ነው። ኮላ ተቀብቶ የሚይዘው በሞርሳ ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር ነው፤ እኔ ደግሞ ያለኝ ሞርሳ ለወንበር እንኳ አይበቃም። ኮላው ተቀብቷል፣ መድረቅ ጀምሯል። ዙሪያዬን ሳይ ገራዡ ውስጥ አንድ ጉልበተኛ ነገር ቆሟል፤ ኮሮላዬ።

ጣውላዎቹን በመኪናው መከላከያ ልክ ከፍ አድርጌ ከግድግዳው አስጠጋኋቸው፣ እንዳይፈነከቱ ብርድ ልብስ ጣልኩባቸው፣ ገባሁና መኪናውን ቀስ ብዬ ወደፊት አስጠጋሁ። ሲነካቸው ትንሽ ጨመርኩ። ኮላው ከየመጋጠሚያው ፍንጥቅ ብሎ እንደ ማር ሲንጠባጠብ ደስታዬን አልችለው አልኩ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወረድኩ።

በዚህ መሃል ሰናይት የነርስ ልብሷን ለብሳ መጣች። "ቁልፉን ስጠኝ፣ ሺፍቴ ደርሷል።"

"መኪናው ሥራ ላይ ነው" አልኳት።

"ምን?"

"እየጨመቀ ነው። ማታ ድረስ መነቃነቅ የለበትም።"

መኪናውን አየች። ግድግዳውን አየች። ቀጥላ ያየችውን ነገር እኔ ቀድሜ ባየው ኖሮ ጥሩ ነበር።

"ያ የእናቴ ብርድ ልብስ ነው?"

ሰናይት ወጥታ የባርባራን በር አንኳኳች፣ ባርባራም ሆስፒታል ድረስ አደረሰቻት። መንገዱን ሙሉ ስለ እኔ እንደተወያዩ ማታ ከፊቷ አነበብኩት። እኔ ግን አልተረታሁም። መኪናውን ወደኋላ ሳስወጣው ጣውላዎቹ አንድ ወጥ ሆነው ተጣብቀዋል። እርግጥ ብርድ ልብሱም አብሮ ተጣብቋል። እሱን በመላጊያ አነሳሁት። ከዚያ ጎረቤት በማይቆጣበት ሰዓት ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ሰነበትኩ፤ እንጨቱም እያበራ መጣ፤ እጅ ሲያልፍበት የተወለወለ እብነ በረድ ይመስላል።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። አቧራውን ላጥራ ብዬ ላዩን በሙቅ ውሃ አጠብኩትና ተኛሁ። ጠዋት ብነሳ ጠረጴዛው እንደ ሰፌድ ጎብጧል! ይህ እንጨት እንዲያ ጠንክሮ፣ እንዲያ ከብዶ፣ ውሃ በአንድ ጎኑ ብቻ ካገኘ ያብጥና ይታጠፋል። "አለቀልህ" አለችኝ ሰናይት፣ ከብርድ ልብሱ ወዲህ የመጀመሪያው ቃሏ ነው። አላለቀልኝም። ገልብጬ ሌላኛውን ጎን አራስኩት፣ ወለል ላይ ዘርግቼ የሚከብድ ነገር ሁሉ ጫንኩበት። ሆሳዕና ስለነበር እንግዶች መጡ፤ እነሱንም "ቁጭ በሉ" ብዬ እላዩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሽሯቸውን እዚያው በሉ። ሲሄዱ ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል፤ ከአንዱ ጫፍ መጋጠሚያው ትንሽ ከመከፈቱ በስተቀር። እሷን ትንሽ ክፍተት በኮላ ደፈንኳትና አላየሁም አልኩ።

የቀረው ዘይት ማጠጣት ነው። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይሸታል። የሚሆነው ሚኔራል ኦይል ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ፋርማሲ፣ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ያለበት መደርደሪያ ላይ ነው። ሃርድ ሜፕል ምን ያህል እንደሚጠጣ ስላላወቅኩ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ በቅርጫት አደረግሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ የአገራችን ልጅ ሆና ተገኘች።

ቅርጫቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?" አለችኝ።

"ለጠረጴዛ ነው።"

"እሺ" አለች፣ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመናገር እንደሚያፍር በሚያውቅ ርኅራኄ። "በጾም ጊዜ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል። ውሃ ይጠጡ።"

በማግስቱ ስልኬ አላርፍ አለ። አንዷ ተልባ፣ አንዱ ፓፓያ አዘዙልኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ደውሎ "በጸሎት እናስብሃለን" አለኝ። በመጨረሻ እትዬ አልማዝ ደወለች።

"አንተ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሆድህ ይጠይቀኛል። ምን ሆነህ ነው?"

"ሆዴ ደህና ነው! ጠረጴዛው ነው የጠጣው!"

በቀስታ፣ "ወንድሜ፣ ካቃተህ ንገረኝ። አልቀየምህም። እኔ ብቻ ቅዳሜ መክፈት አለብኝ። ካልከፈትኩ ያፈሰስኩትን ገንዘብ የማወጣበት መንገድ የለኝም" አለችኝ።

ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። "አላቃተኝም" አልኳት። እጄ ግን የዘይቱን ጨርቅ እንደያዘ ቆየ።

ጠረጴዛውን ሐሙስ ወስደን በብረት እግሩ ላይ አሰርነው። ጋሽ ተካ ዙሪያውን ዞረው፣ በመዳፋቸው መቱትና "ጠረጴዛ ነው" አሉ። ከእሳቸው ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው። ለመክፈቻው ፈቃድ የምትፈርመው የጤና ኢንስፔክተር የመጣችው ዓርብ፣ በስቅለት ነው፤ እኛ ከስግደት ተጠርተን በነጠላችን ሮጠን ደረስን። ማቀዝቀዣውን አየች፣ መታጠቢያውን አየች፣ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች።

"እንጨቱ ምንድን ነው?"

"ሃርድ ሜፕል። ይህ እንጨት እንግዲህ የቅርጫት ኳስ ሜዳ..."

ሰናይት እግሬን ረገጠችኝ።

ኢንስፔክተሯ የጥፍሯን ጫፍ በየመጋጠሚያው ላይ እየሳበች ሄደች። ጥቁሩን ጠባሳ ዳሰሰችው፤ ለስላሳ ነው፣ አለፈችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ጥፍሯ ገባ። ያች እንግዶች የተቀመጡባት ክፍተት ኮላዋን ተፍታ እንደገና አፏን ከፍታለች።

"እዚህ ውስጥ ሥጋ ይገባል፤ አይጸዳም። በዚህ ልፈቅድ አልችልም" አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እያዘነች ነው የተናገረችው። "እዚሁ መንገድ ላይ ሌላ የማየው ቤት አለ፤ ስመለስ በዚህ አልፋለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኞ አልሠራም።"

ስትወጣ እትዬ አልማዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

"እንግዲህ... ለነገ ብቻ ከሆነ... ፕላስቲኩም..." አሉ ጋሽ ተካ፣ ያ ድምፃቸው የት እንደገባ እንጃ።

"በፍጹም!" አልኩ። ራሴን አስደነገጥኩት። "ጋሽ ተካ፣ እርስዎ ፕላስቲክ ላይ ቢላ አላነሳም ብለዋል፤ አያነሱም! የተከፈተው ጫፉ ብቻ ነው። ጫፉ ይቆረጣል። መጋዝ አምጡ!"

"ከየት ነው በስቅለት መጋዝ የሚመጣው?" አሉ ጋሽ ተካ።

ሰናይት ወጥታ ከመኪናው ሻንጣ የእጅ መጋዝ ይዛ ገባች። ለምን ይዛ እንደመጣች ስጠይቃት "አውቅሃለኋ" አለች።

በእጅ መጋዝ ሃርድ ሜፕልን መቁረጥ ምን እንደሚመስል የምነግራችሁ፣ በባዶ ሆድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ በዋለ ጉልበት መሆኑን ሳልዘነጋ ነው። ሃያ ጊዜ ትስበዋለህ፣ ዱቄት የሚመስል ነገር ትንሽ ጠብ ይላል፣ እንጨቱ ግን እንደነካኸው እንኳ የሚያውቅ አይመስልም። ክንዴ ሲዝል ጋሽ ተካ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሉኝ። እሳቸው ሲደክሙ ሰናይት ገባች፤ ወገቧን በነጠላ አስራ ስትስበው መጋዙ እኔን ከሰማኝ በላይ ሰማት። መጋዙ መሃል ላይ ተነክሶ አልላቀቅ ሲል እትዬ አልማዝ ከወንበሯ ተነስታ "ወግዱ" አለችና ለብቻዋ ነቀለችው። ከዚያ እየሳበች ከሽንኩርቱ፣ ከሆቴሉ፣ ስልክ ካላነሳው አናጺ፣ ከሁሉም ጋር ተጣላች። ቁራጩ ጧ ብሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አራታችንም እርስ በርስ ተያየን። ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ዘይት ሳንጨርስለት ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማለች።

ጥፍሯን ሳበች። መለሰች። ደግማ ሳበች። የትም አልገባም።

"ቆንጆ ጠረጴዛ ነው፤ ትንሽ አጠረ እንጂ" አለችና ፈረመች። እትዬ አልማዝ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ቅዳሜ ሥጋ ቤቱ ሞላ፤ ሰልፉ በር አልፎ ወጣ። ሰናይት ከሺፍቷ ቀርታ ሽርጥ ታጥቃ ሚዛኑ ጋ ቆማለች። ጋሽ ተካ ሽንጡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና አንዲት ሎሚ ጎኑ አኖሩ። ሎሚዋ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ወደ ግራ መንከባለል ጀመረች፤ የጠረጴዛውን ርዝመት በሙሉ ተጉዛ ጫፉ ላይ ስትደርስ ወደቀች። ሰው ሁሉ ሎሚዋን በዓይኑ ሲከተል ነበር፤ ከሎሚዋ በኋላ እኔን ተመለከተ። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይሄ ጠረጴዛ ዘሟል እንዴ? ማነው የሠራው?"

አፌን ልከፍት ስል ሰናይት ቀደመችኝ።

"ጠረጴዛውስ ልክ ነው አባባ" አለች፣ ቢላዋን ለጋሽ ተካ እያቀበለች። "ያዘመመችው አሌክሳንድሪያ ናት። ስንት ፓውንድ ልመዝንልዎት?"